ስሙን አንንጠቀው፤ እጁን ግን እንያዘው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በየቲምነት አድገው የየቲሞች አለኝታ በሆኑት በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ በማሻሻል ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ከለከለ። ያን ሰሞን ብዙዎቻችን «አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቻችን ከመሸጥ ዳኑ» ተባባልን። ደስታው ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከተዘጋው በር ጀርባ የቀረው ሕፃን ግን ዛሬም እዚያው ነው። ፈረንጁ እንዳይወስደው ተከለከለ። እኛስ ወሰድነው ወይ? የዛሬው ጽሑፋችን መነሻም መድረሻም ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ሲነሳ ከሙስሊሙ ወገን ዘወትር የሚሰማው መልስ አጭር ነው። «ጉዲፈቻ በኢስላም ሐራም ነው» ይባልና ወሬው በዚያው ይዘጋል። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ በግማሽ እውነት ደግሞ የቲም ጠግቦ አያድርም። ኢስላም የከለከለው አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ያዘዘው ሌላ ሰፊ ነገር አለ። ክልከላውን ሸምድደን ትእዛዙን ከረሳን በቂያማ ቀን ምን ብለን እንመልሳለን?

ልጆቹ እንዴት ነበር የሚሄዱት?

ያን ዘመን ለማያስታውሱ ወጣቶች ጉዳዩን ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ የሄዱት ከ2,500 በላይ ነበሩ፤ በዚያን ዓመት ወደ አሜሪካ ሕፃናት በመላክ አገራችን ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሄዱትም ብዙ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ልጅ የሚፈልገው የውጭ አገር ቤተሰብ በአገሩ ላለው የጉዲፈቻ ድርጅት ያመለክታል፤ ለጠቅላላው ሂደት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ድርጅቱ እዚህ ካለ ማሳደጊያ ጋር ይሠራል። የልጁ ፎቶግራፍና ፋይል ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ቤተሰቡ ሲስማማ አዲስ አበባ መጥቶ ልጁን በማሳደጊያው ይጎበኛል፤ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር አስተያየቱን በደብዳቤ ይሰጣል፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውሉን ያጸድቃል። ከዚያ ቪዛው ሲደርስ ልጁ በአውሮፕላን ይሳፈራል።

ይህ ጸሐፊ ከእገዳው በፊት በነበሩት ዓመታት ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ማሳደጊያ ገብቶ እንዲህ ያለውን ጉብኝት አይቷል። ባልና ሚስቱ ለሕፃናት በተሠራ አጭር አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ሞግዚቷ አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅ አጥባ፣ ፊቷን ቅባት ቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ አመጣቻት። ሴትዮዋ ገና ስታያት አለቀሰች። የፍቅር ለቅሶ ነበርና ማንም ሊጠራጠረው አይችልም። ሌሎቹ ሕፃናት በመስኮቱ ላይ ተደራርበው የምትሄደውን ጓደኛቸውን ይመለከታሉ። አስተርጓሚው ልጅቷን «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም የአገራችን ልጅ ሁሉ ከአፉ እንደሚወጣለት የራሷን ስም ተናገረች፤ ሳትጠየቅም የአባቷን ስም ጨመረችበት። ባልና ሚስቱ ደስ ብሏቸው የስሟን ትርጉም ጠየቁ። ቀጥለውም ያወጡላትን አዲስ ስም ለአስተርጓሚው ነገሩት።

በዚያ ክፍል ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ ሩቅ መንገድ የመጡ፣ ገንዘባቸውንና ልባቸውን የከፈቱ ነበሩ። እንዲህ ካሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ልጆቹን በፍቅር እንዳሳደጉ መመስከር ፍትሕ ነው፤ ቁርኣንም የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል። ዳሩ ግን የአራት ዓመቷ ልጅ ሳትጠየቅ የጨመረችው ያ የአባት ስም የት ሄደ? በአዲሱ ፓስፖርት ላይ በአባት ስም ቦታ የአሳዳጊው ስም ይጻፋል። ልጅቷ ስለ አባቷ የምታውቀው ስሙን ብቻ ቢሆንስ?

ወረቀቱ የነጠቀው

የልጅ ፈላጊው ቁጥር ሲበዛ፣ ዶላሩም ሲበዛ፣ አቅራቢው በዛ። በየገጠሩ እየዞሩ ድሃ እናቶችን የሚያግባቡ ደላሎች ተፈጠሩ። የአውስትራሊያና የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 እና በ2010 ወላጆችን አነጋግረው ያሰራጯቸው ዘገባዎች ነገሩን ለዓለም አሳዩ። «ልጅሽ ውጭ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፍልሻል፣ ይረዳሻል» የተባሉ እናቶች በጣት አሻራቸው ፈርመው ነበር። እናት በሕይወት እያለች ልጇ ወላጅ አልባ ተብሎ ተመዘገበ። በ2014 አንድ የአሜሪካ የጉዲፈቻ ድርጅት ኃላፊዎች ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር በተያያዘ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ተብለው በአገራቸው መንግሥት ተከሰሱ፤ ሰነዶቹ ልጆቹን ጨርሶ አሳድጎ በማያውቅ ማሳደጊያ ስም የተፈረሙ ነበሩ። ከተከሳሾቹም ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ።

ከሁሉ የከፋውም ደረሰ። በግንቦት ወር 2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት በጉዲፈቻ የተወሰደች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በብርድ ውጭ ተጥላና በረሃብ ተጎድታ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ለረጅም ዓመታት እስር ተፈረደባቸው። የዚህች ልጅ ዜና ለአገራችን ሰው የማይሽር ቁስል ሆነ። መንግሥት በዚያው በ2011 የሚስተናገደው ጉዳይ በቀን ከ5 እንዳይበልጥ አደረገ፤ በ2017 ጭራሹን አገደ፤ ቀጥሎም ሕጉ ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ከዚህ ሁሉ በደል ውስጥ ሥሩ ምን ነበር? የዘር ሐረግ በወረቀት መለወጡ ነበር። እናት ያለው «እናት የለውም» ተባለ። የእገሌ ልጅ የነበረው የሌላ ሰው ልጅ ነው ተብሎ ተጻፈ። አንዴ ይህ ከተደረገ ወዲያ ልጁን የሚፈልግ ዘመድ በምን ያገኘዋል? ዛሬ አድገው፣ ተምረው፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተመልሰው የተወለዱበትን ቀበሌ የሚያፈላልጉ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ የሚቸገሩት በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

ቁርኣን የከለከለው ምንድን ነው?

የዘይድ ኢብን ሓሪሳን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን። አሁን ግን ይህን ሁሉ ካየን በኋላ እንደገና እንስማው።

ዘይድ ልጅ ሳሉ በወራሪዎች ተነጥቀው በዑካዝ ገበያ ተሸጡ። ወደ እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ቤት ገቡ፤ እሳቸውም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጧቸው። አባታቸው ሓሪሳ ልጃቸውን ሲያለቅሱና ሲያፈላልጉ ኖሩ። በሐጅ ወቅት ወደ መካ የመጡ የገዛ ጎሣቸው ሰዎች ዘይድን አይተው አወቋቸው፤ ወሬውም ለአባት ደረሰ። እንዴት አወቋቸው? የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቅ ስለነበር ነው። አባትየው ካሳ ይዘው ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምርጫውን ለዘይድ ተዉላቸው፤ ዘይድም ከእርሳቸው ጋር መኖርን መረጡ። ያኔ ነቢይነት ገና አልመጣም ነበርና በዐረቦች ልማድ መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕዝብ ፊት ልጄ ነው አሉ። ሰዉም ዘይድ ኢብን ሙሐመድ ብሎ ጠራቸው።

ከዓመታት በኋላ በመዲና በሱረቱ አል-አሕዛብ የአላህ ቃል ወረደ። በአፍ ልጅ መባል እውነተኛ ልጅ እንደማያደርግ፣ ልጆች በአባቶቻቸው ስም መጠራት እንዳለባቸው፣ ይህም በአላህ ዘንድ ወደ ፍትሕ የቀረበ መሆኑ ተነገረ። አባታቸው ያልታወቀ ከሆኑም የሃይማኖት ወንድሞቻችንና ወዳጆቻችን እንደሆኑ ተደነገገ። ዘይድም ወደ አባታቸው ስም ተመለሱ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ዘይድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ተባረሩ ወይ? ፍቅሩስ ቀነሰ ወይ? በፍጹም! ሶሐቦች የነቢዩ ተወዳጅ እያሉ መጥራታቸውን አልተዉም። በሙእታ ዘመቻ የጦሩ የመጀመሪያ አዛዥ ሆነው የተላኩት እሳቸው ናቸው፤ በዚያው ሸሂድ ሆኑ። የተለወጠው የስም ጉዳይ ነበር። ፍቅሩ፣ መጠጊያነቱ፣ አደራው በቦታው ጸና።

እንግዲህ ክልከላው ለማን የቆመ ነው? ለሕፃኑ የቆመ ነው። ለጠፋበት አባት የቆመ ነው። በጣት አሻራዋ ለፈረመችው እናት የቆመ ነው። ይህን አንቀጽ የቲምን ላለመቀበል ማመካኛ የሚያደርግ ሰው ለድሃ የተሠራን ጋሻ አንስቶ ድሃውን እንደመምታት ያለ ሥራ ይሠራል።

የሐበሻ ምድር ድርሻ

እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ቀድመን መቆም የሚገባን ሰዎች ነን። ምክንያቱን ታሪካችን ይነግረናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይወለዱ አባታቸው ዐብዱላህ ሞቱ። 6 ዓመት ሲሆናቸው ከእናታቸው ከአሚና ጋር ከየስሪብ ሲመለሱ አብዋእ በተባለ ስፍራ እናታቸው አረፉ። በዚያ በረሃ እናቱን ቀብሮ የቆመውን የ6 ዓመት ሕፃን እጁን ይዛ ወደ መካ ያደረሰችው ማን ነበረች? በረካ የተባለች ሐበሻዊት፣ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) ናት። የአላህ መልእክተኛን በየቲምነታቸው የደገፈው እጅ የዚህ ምድር ሰው እጅ ነው። በረካ የሕፃኑን ስም አልለወጠችም፤ የዐብዱላህ ልጅ ሙሐመድ እንደሆኑ አያታቸው ዘንድ አደረሰቻቸው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው እንደ እናት አከበሯት።

ሁለተኛውም ታሪክ ከእኛው ምድር ይነሳል። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) አብረዋቸው ነበሩ። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው በሐበሻ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጀዕፈር በሙእታ ከዘይድ ቀጥለው ሸሂድ ሲሆኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አስማእ ቤት ሄዱ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ ዓይናቸውም አነባ። ጎረቤት ለሐዘንተኛው ቤት ምግብ እንዲያዘጋጅ አዘዙ። እናትየዋ ስለ ልጆቹ ድህነት ስትሰጋ በዱንያም በአኺራም የእነሱ ኃላፊ እርሳቸው እንደሆኑ ነገሯት። ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተጠራው ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር ተብሎ ነው። በነቢይ ጥበቃ ሥር የዋለ የቲም እንኳ የሞተ አባቱን ስም አላጣም!

የለገዳዲዋ እናት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለገዳዲ አለች። የአዲስ አበባ ሰው ቧንቧውን ሲከፍት የለገዳዲን ግድብ ውሃ ይጠጣል፤ ከየት መጣ ብሎ ግን አይጠይቅም። አንድ ጁምዓ እዚያ ከሶላት በኋላ የተሰማ ንግግር ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንጽፈዋለን። ስማቸውን መግለጽ የማያስፈልገን አንዲት እናት የግቢያቸው ተከራይ የነበሩ ባልና ሚስት ተከታትለው ሲሞቱባቸው የቀረውን የ3 ዓመት ወንድ ልጅ ከልጆቻቸው ጋር ቀላቅለው ያሳድጋሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። አንዲት ጎረቤት «የሰው ልጅ ማሳደግ ሐራም ነው፣ ቤትሽ በረካ ያጣል» ስላለቻቸው ፈርተው ወደ ሸኹ መጡ።

«ሸኼ፣ ሐራም ነው ይሉኛል። ልመልሰው ይሆን?» አሉ።

«እናቴ፣ ወዴት ነው የሚመልሱት?» አሏቸው ሸኹ።

ሴትዮዋ መልስ አጡ። ሸኹ ቀጥለው «በማን ስም ነው የሚጠሩት?» ብለው ጠየቁ።

«በአባቱ ነዋ! ስሙንማ አባቱ አውጥቶለት ሄዷል። እኔ የማውቀው ሲርበው ማብላቱን ነው።»

«እንግዲያውስ ሸሪዓው እርስዎ ቤት ነው ያለው። ሐራም ያለችዎትን ሴትዮ እኔ ዘንድ ይላኩልኝ» አሏቸው።

ያቺ እናት መጽሐፍ አላነበቡም። የአላህን ወሰን ግን ጠብቀዋል፤ የአላህንም ትእዛዝ ፈጽመዋል። በአካባቢው የኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ልጅ ወስዶ ማሳደግ የቆየ ባህል ነው፤ ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ወደ አማርኛ የገባው ከዚያው ነው። ከባህሉ ውስጥ ርኅራኄውን እንውሰድ፤ የዘር ሐረጉን ጉዳይ ደግሞ በሸሪዓ እናስተካክል። ይህን ማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የለገዳዲዋ እናት አሳይተውናል።

በሸሪዓ እንዴት ይሠራል?

የቲምን በቤት ተቀብሎ ማሳደግ በኢስላም ከፋላ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር ሁለት ጣቶች ተጠጋግተው እንደሚታዩት እንደሚሆን በምልክት ጭምር አስተምረዋል። ብዙ ሰው ፈቃዱ እያለው አፈጻጸሙን ባለማወቅ ስለሚያፈገፍግ ዋና ዋናዎቹን እንዘርዝር።

ስም። ልጁ በወላጅ አባቱ ስም ይጠራል፤ በትምህርት ቤትም በቀበሌም በዚያው ይመዘገባል። አባቱ ያልታወቀ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ስም ይወጣለታል፤ ከአሳዳጊው አብራክ እንደወጣ ተደርጎ ግን አይነገረውም። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ እውነቱን በለሰለሰ አንደበት ከአሳዳጊዎቹ ይስማ። ከመንደር ልጅ ስድብ ከሰማው ልቡ ይሰበራል።

ውርስ። ያሳደጉት ልጅ በራሱ ወራሽ አይሆንም። ስለዚህ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነውን? አይደለም። ሰው በሕይወቱ ሳለ የፈለገውን ስጦታ ሊሰጠው ይችላል። ከሞት በኋላም ከንብረቱ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል። እንዲያውም ከወራሾች አንዱ ከሚያገኘው የሚበልጥ ሊደርሰው የሚችልበት ጊዜ አለ። ኑዛዜውን ጽፎ ማስቀመጥ ግን ያስፈልጋል፤ በቃል የቀረ አደራ ከሐዘን ማግስት ይካዳልና።

መሕረምነት። ልጁ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነና አሳዳጊዋ ወይም የቅርብ ዘመዷ ካጠባችው የጡት ልጅ ይሆናል፤ የጋብቻ ክልከላውና መሕረምነቱ በዚያ ይጸናል። የማጥባቱ ብዛት በመዝሀቦች ስለሚለያይ ዑለማእን መጠየቅ ይገባል። በአገራችን ጣትን በማር ነክሮ በማጥባት የጡት ልጅ ማድረግ የሚባል ልማድ አለ፤ ያ ወዳጅነት ያጠብቃል እንጂ ሸሪዓዊ መሕረምነትን አያመጣም። ትልቅ ሆኖ የመጣ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በቤቱ ውስጥ የአለባበስና የመኝታ ሥርዓት ይጠበቃል። በአንድ ግቢ ከአጎት ልጆች ጋር ስንኖር የምናደርገው ነውና ማንንም ሊያስፈራ አይገባም።

ንብረት። የቲሙ ከወላጆቹ የቀረለት ቤት፣ መሬት ወይም ገንዘብ ቢኖር የእሱ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ ሰው በሆዱ እሳት እንደሚበላ ተገልጿል። ሀብታም አሳዳጊ ከንብረቱ እጁን ይሰብስብ፤ ድሃው በአግባቡ ብቻ ይጠቀም፤ ልጁ አድጎ ማስተዳደር ሲችል በምስክር ፊት ይረከብ። ይህን ሁሉ ዛሬ በሥርዓት መፈጸም ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ተከራካሪዎች ከተስማሙ የአሳዳጊነትን፣ የኑዛዜን፣ የስጦታንና የወቅፍን ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የቤተሰብ ሕግም በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ደንግጓል። ልጅ ከማሳደጊያ የሚወስድ ሰውም በየወረዳው ወዳለው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሄዶ በሕግ ይውሰድ። ወረቀት አልባ ደግነት ነገ ለልጁ ችግር ይሆንበታል።

እናቱን እርዳ፤ ልጁ ይተርፋል

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱ በሕይወት ብትኖርም የቲም ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከማንኛውም ማሳደጊያ፣ ከእኔና ከአንተ ቤትም ጭምር፣ የእናቱ ቤት ይሻላል። ባሕር ተሻግረው ከሄዱት ልጆች ስንቱ የቤት ኪራይ፣ የዱቄትና የደብተር ዋጋ ባጣች እናት እጅ የተሰጠ ይሆን? ለአንድ ልጅ ጉዞ የተከፈለው ያ ሁሉ ዶላር እናትየዋን ከነልጆቿ ለዓመታት ባኖራት ነበር። ዛሬም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ በተካሄደው ጦርነትና በየአካባቢው በቀጠሉት ግጭቶች አባት ያጡ ልጆች በየከተማው ዳር ተበትነዋል። ብዙዎቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው። ነገ ከእናታቸው እንዳይለዩ ማድረግ የመጀመሪያው ከፋላ ነው።

ሶሐቦች ስለ የቲም ገንዘብ የወረደውን ከባድ ማስጠንቀቂያ በሰሙ ጊዜ ደንግጠው የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ምግብ ለዩ። የተረፈውም እስኪበላሽ ድረስ አይነኩትም ነበር። ይህ ሲያስጨንቃቸው በሱረቱ አል-በቀራ ፍርዱ ወረደ፤ ቢቀላቅሏቸው ወንድሞቻቸው እንደሆኑ፣ አላህም አጥፊውን ከአልሚው ለይቶ እንደሚያውቅ ተነገራቸው። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የቲም ለብቻው ቆሎ ተሰፍሮለት፣ ለብቻው አልጋ ተነጥፎለት፣ በአጥር ውስጥ እንዲኖር አልተፈለገም። ከገበታው እንዲቀላቀል ተፈለገ። ማሳደጊያ ለጭንቅ ጊዜ ጥሩ መጠለያ ነው፤ ሞግዚቶቹም አላህ ይመንዳቸው። ግን አንዲት ሞግዚት ለብዙ ሕፃናት የምትከፋፈለው እቅፍ የአንድ ቤት ገበታን አይተካም።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን ሁላችንም እናውቃለን። በ1972 ዓ.ም. ድርቅ በመታው የወሎ ምድር ለመንፈሳዊ ጉዞ ሄደው ሳለ ከሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን አይተው ማለፍ አቃታቸው። ልጆች ይዘው ቤታቸው ሲመለሱ ቤተሰባቸው ስላልወደደላቸው ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ለስንት ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። እኚህ ክርስቲያን እናት ይህን ሲሠሩ ሱረቱል ማዑንን በየሶላታችን የምንቀራው እኛ፣ የቲምን የሚገፋ ሰው በዲን የሚያስተባብል እንደሆነ እየሰማን፣ ምን ሠራን ብለን ብንጠይቅ ቅር ሊለን አይገባም።

እያንዳንዱ ጀመዓ ከዚህ ጁምዓ ጀምሮ ሊሠራው የሚችል ነገር አለ። በመስጂዱ ዙሪያ አባት የሞተባቸውን ልጆች ይመዝግብ፤ ሃይማኖት ሳይለይ ይመዝግብ፣ ረሃብ ሃይማኖት አይለይምና። እናት ያለቻቸውን ለይቶ እናትየዋ የጎደላትን ይጠይቅ፤ ኪራይ ነው፣ መነገጃ ነው፣ ወይስ የልጅ መዋያ? ማንም የሌላቸውን ደግሞ በመጀመሪያ ለዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ በሕግ ለሚረከብ ቤተሰብ ያገናኝ። ኢማሞቻችን ስሙ የእሱ፣ ገበታው የጋራ መሆኑን በኹጥባቸው ያስተምሩ። ሀብታሞቻችንም ኪራዩ ለየቲሞች እናቶች የሚውል አንድ ሱቅ ወይም አንድ ቤት ወቅፍ ያድርጉ። ከዚህ ውስጥ ከአቅማችን በላይ የሆነው የቱ ነው?

ውድ አንባቢ፣ ፈረንጁ ልጅ ፍለጋ ሩቅ አገር መጥቶ በአጭር አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጥ ነበር። አሁን እሱ አይመጣም። ያቺ አግዳሚ ባዶዋን ናት፤ ከአንተ ቤት እስከዚያ ያለው መንገድ በታክሲ የሚደረስ ነው። ሄደህ ጎብኝ። ልጁን ስሙን ጠይቀው። የአባቱን ስም ሳይጠየቅ ሲጨምርልህ አድምጠው፤ ስሙን በልብህ ያዝ፤ ከዚያም እጁን ያዝ።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲምን አደራ ከሚጠብቁት፣ እናቶችን ከልጆቻቸው ከማይለዩት፣ በጀነትም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ከሚሆኑት ባሮቹ ያድርገን። በየሩቁ አገር ያሉትን የዚህን ምድር ልጆችም ይጠብቅልን፤ ሥራቸውን ለሚፈልጉትም መንገዱን ያቅናላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።